ፀሐይ በ10 ሰዓት ስትጠልቅ፣ ፈረስ መቼ ይጋለባል?

ደለስ አውሮፕላን ማረፊያን የማያውቅ የዋሽንግተን አካባቢ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም። አንዱ ታክሲ ነድቶበታል፣ ሌላው ዘመድ ተቀብሎበታል፣ ሌላው ሻንጣው ኪሎ በልጦበት ሚዛን ላይ ተከራክሮበታል። ከዚያ ወደ ምዕራብ ትንሽ ለነዳ ሰው ግን የቨርጂኒያው ላውደን ካውንቲ ሌላ መልክ ያወጣል። መስኮት አልባዎቹ የኮምፒውተር መረጃ ማከማቻ ሕንፃዎችና አዳዲሶቹ ሰፈሮች ያልቁና በድንጋይ ካብ የታጠረ መስክ፣ ጋጣ፣ አስፋልት ያልነካው የጠጠር መንገድ ይጀምራል። ሚድልበርግ የምትባለው ትንሽ ከተማ የዚህ አገር መዲና ናት፤ እዚያ ስለ ፈረስ የማያወራ ሰው እንግዳ ነው።

እንግዲህ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በዲሴምበር መጀመሪያ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ከ46 ላይ ነው። በጃንዋሪ መግቢያ የምትወጣው ደግሞ ጠዋት 1 ሰዓት ከ27 አካባቢ። በመሐል ያለው ብርሃን ሥራ ቦታ ያልቃል። ስለዚህ ደመወዝተኛ የሆነ ባለ ፈረስ ከሰኞ እስከ ዓርብ ፈረሱን በፀሐይ ብርሃን አያየውም። የሚዘጋጅበት ውድድር ግን አይጠብቀውም። በቨርጂኒያ ተራሮች ከ1974 ጀምሮ የሚካሄደው ኦልድ ዶሚኒየን የሚባለው የ100 ማይል ግልቢያ በጁን ወር ነው፤ 160 ኪሎ ሜትር በ24 ሰዓት ውስጥ፣ በአንድ ፈረስ። በጁን እንዲህ ያለ ርቀት የሚሸፍን ፈረስ በሜይ ተጀምሮ አይደርስም። ብርዱ ወራት ላይ መሠራት አለበት፣ ብርዱ ወራት ደግሞ ጨለማ ነው።

በአንድ የዲሴምበር ማክሰኞ ምሽት አብሬያቸው የወጣሁት ሴት ነርስ ናቸው። ዕድሜያቸው ወደ 60 ይጠጋል፤ ስማቸው እንዲጻፍ አልፈለጉም። ከሆስፒታል የወጡት 11 ሰዓት ላይ ነበር፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ጋጣው በር ላይ የሥራ ልብሳቸውን በቦት ጫማና በወፍራም ጃኬት ለውጠው አገኘኋቸው። ፈረሳቸው 15 ዓመት የሞላው ዳማ የዓረብ ፈረስ ነው፤ ግንባሩ ላይ ቦራ አለው። ኮርቻ ሊያነሱ ይሆናል ብዬ ስጠብቅ መጀመሪያ ያደረጉት ወደ መንገዱ ወጥተው መሬቱን በጫማቸው ተረከዝ መምታት ነው። ቀን የቀለጠው ጭቃ ማታ ሲረጋ የጎማ ዱካዎቹ እንደ ድንጋይ ይደርቃሉ፤ በዚያ ላይ ሶምሶማ ማስረገጥ ሰኮናና ጅማት መስበር ነው። ኩሬ የነበረበት ቦታ ላይ ደግሞ ዓይን የማይለየው ስስ በረዶ ይኖራል። መሬቱ ረግቶ አልጠነከረም፤ ጠጠሩም ደረቅ ነበር። "ይሆናል" አሉና ወደ ጋጣው ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዕቃ ብዛት አስገረመኝ። በአራቱም እግሮች ላይ የሚያንጸባርቅ መታጠቂያ፣ በጋላቢዋም በፈረሱም ላይ ቢጫ አንጸባራቂ ሰደርያ፣ ከኮርቻው ኋላ ብልጭ የሚል ቀይ መብራት፣ የራስ ቁራቸው ላይ ባትሪ። ይህን ሁሉ አስረው ሲጨርሱ የግንባራቸውን ባትሪ አጠፉት። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው "ይሄ ሁሉ ለመኪናዎቹ ነው፤ እሱ አያስፈልገውም" ብለው ዳማውን በአገጫቸው አመለከቱኝ።

እውነታቸውን ነው። የፈረስ ዓይን በምድር ላይ ከሚኖሩ አጥቢዎች ሁሉ ከትልልቆቹ አንዱ ነው፤ ወርዱ ከ4 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። ሌሊት በመኪና መብራት ፊት አረንጓዴ ሆኖ የሚያበራው ነገር በዓይኑ ጀርባ ያለ አንጸባራቂ ንጣፍ ነው፤ አንዴ አምልጦ ያለፈውን ብርሃን መልሶ ወደ ብርሃን ተቀባዮቹ ይልካል፤ ፈረሱ ከአንድ ጮራ ሁለት ጊዜ ይጠቀማል ማለት ነው። በደብዛዛ ብርሃን የሚሠሩት ተቀባዮችም ቀለም ከሚለዩት እጅግ ይበዛሉ። ኤቭሊን ሃንጊ የተባሉ ተመራማሪ ከባልደረባቸው ጋር በካሊፎርኒያ ባደረጉት ሙከራ ፈረሶች ሰዎቹ ምንም በማያዩበት ጨለማ ውስጥ ቅርጽን ከቅርጽ ለይተው መርጠዋል። ጨረቃ የሌለችበት ጫካ ውስጥ እኛ እጃችንን ሳናይ ፈረስ መንገዱን ያያል።

ይህ ችሎታ ግን ዋጋ አለው። የሰው ዓይን ጨለማን ለመልመድ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ የፈረስ ደግሞ ከዚያም ይዘገያል። ደማቅ መብራት ካለበት ጋጣ አውጥተው ወዲያው ወደ ጨለማ የሚያስገቡት ፈረስ ለጊዜው ከጋላቢው የባሰ ዕውር ነው። በየመንገዱ የሚደነብሩት ብዙዎቹ ፈረሶች ፈሪ አይደሉም፤ ዓይናቸው ገና ነው። የግንባር ባትሪ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። ጋላቢው አንገቱን ባዞረ ቁጥር የብርሃኑ ክብ ይዘላል፣ የእያንዳንዱ ድንጋይ ጥላ ይንቀሳቀሳል፤ ለሚታደን እንስሳ የሚንቀሳቀስ ጥላ ደግሞ አውሬ ነው። እኔ በዚህ ጉዳይ ወገን ለይቻለሁ፤ እንደ ስታዲየም መብራት እያበሩ የሚጋልቡ ሰዎች የሚያበሩት ለራሳቸው ፍርሃት ነው ባይ ነኝ። ጥሩዎቹ ረጅም ርቀት ጋላቢዎች ሲታጠፍ የሚያበራ ትንሽ የፕላስቲክ ዘንግ በፈረሱ ደረት ማሰሪያ ላይ ያንጠለጥላሉ። ደብዛዛ ነው፣ ከፈረሱ ጋር ይሄዳል፣ ጋላቢውም የት እንዳለ ይነግረዋል፤ ሌላውን ለፈረሱ ይተዋሉ።

እኔን አንዲት ያረጀች ባዝራ ላይ አወጡኝ። የመጀመሪያዎቹ ከ20 እስከ 25 ደቂቃዎች እርምጃ ብቻ ነበር፤ ዛቡ ረገብ ብሎ፣ ማንም ሳይናገር። ይህ እርምጃ ሁለት ሥራ እንደሚሠራ ቆይቶ ገባኝ። ጡንቻውና መገጣጠሚያው ይሞቃል፤ ዓይኑም ይከፈታል። በቀዝቃዛ አየር ውስጥ በኃይል የሚተነፍስ ፈረስ የአየር ቧንቧው እንደሚቆጣ በጥናት ታይቷል፤ ስለዚህ ብርዱ በጠነከረ ቁጥር የማሟሟቂያው ጊዜ ይረዝማል፣ ሽምጥ ግልቢያ ደግሞ ጭራሽ ይቀራል። ከዚያ በኋላ የተነሣው ሶምሶማ ነው፤ ዳገቱን ሶምሶማ፣ ቁልቁለቱን እርምጃ። ሽምጥ የሚሉት ነገር ማክሰኞ ማታ የለም።

አንድ ጊዜ መኪና መጣ። ወይዘሮዋ መብራቱን ከኮረብታው ማዶ ገና ሲያዩት ከመንገዱ ወርደው የዳማውን ፊት ወደ መስኩ አዞሩት፤ እኔም እንደዚያው አደረግሁ። መኪናው ካለፈ በኋላም ወዲያው አልተንቀሳቀስንም። አንድ ጊዜ በመብራት የታጠበ ዓይን ወደ ነበረበት ለመመለስ ረጅም ጊዜ ይፈልጋል፤ ፊቱን አዙሮ ማቆም የዚያን ሁሉ ጊዜ ኪሣራ ያስቀራል። በዚህ መንገድ ላይ ዋናው አደጋ ጨለማው አይደለም። አቋራጭ ፈልጎ ከከተማ የሚመለሰው አሽከርካሪ ነው።

ሌሊትና ረጅም ግልቢያ ከመጀመሪያውም አይለያዩም። የዚህ ስፖርት አባት የሚባለው ቴቪስ ካፕ በ1955 በካሊፎርኒያ ሲጀመር ዌንደል ሮቢ የሚባሉ የኦበርን ከተማ ሰው ማሳየት የፈለጉት አንድ ነገር ነበር፦ የዚህ ዘመን ፈረስም 100 ማይልን በአንድ ቀን ይጨርሳል። ከአራት ባልደረቦቻቸው ጋር ከታሆ ሐይቅ አካባቢ ተነሥተው የሴራ ኔቫዳን ተራሮች አቋርጠው ኦበርን ገቡ። ዛሬም ውድድሩ ጎህ ሳይቀድ ተጀምሮ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ለብዙዎቹ ያበቃል፤ ቀኑም በተቻለ መጠን ሙሉ ጨረቃ ወዳለችበት ሌሊት ይቀርባል። አሜሪካን የሚባለውን ወንዝ የሚሻገሩት በጨለማ፣ በሚያበሩ ዘንጎች በተለየ መተላለፊያ ነው። ከተነሡት ፈረሶች ግማሽ ያህሉ ብቻ የሚጨርሱባቸው ዓመታት ብዙ ናቸው።

ሯጭ ወዳዱ የአገሬ ሰው ደግሞ ይህን ይወደዋል፦ ጎርዲ አንስሌይ የተባለ የዚህ ውድድር ጋላቢ በ1973 ፈረሱ አንክሶበት አቋረጠ። በሚቀጥለው ዓመት ያለ ፈረስ መጣና ከፈረሶቹ ጋር ተነሥቶ በእግሩ ሮጠ፤ በ23 ሰዓት ከ42 ደቂቃ ገባ። ዛሬ በዓለም የታወቀው ዌስተርን ስቴትስ የ100 ማይል ሩጫ የተወለደው ከዚያ ነው።

በእነዚህ ግልቢያዎች ላይ ጋላቢው ብቻውን አይፈርድም። በየመንገዱ የእንስሳት ሐኪሞች ይቆማሉ፤ ፈረሱ ከደረሰ በኋላ ባለው ግማሽ ሰዓት ውስጥ የልብ ምቱ በደቂቃ ወደ 64፣ በአንዳንዱ ቦታ ወደ 60 ካልወረደ አይቀጥልም። ያረፈ ፈረስ ልብ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ጊዜ ይመታል፤ በሙሉ ኃይሉ ሲሮጥ ከ220 ያልፋል። በዚህ ሁሉ መካከል የሚለካው ፍጥነት አይደለም፣ ፈጥኖ መረጋጋት ነው። የአሜሪካ የረጅም ርቀት ጋላቢዎች ማኅበር በ1972 ሲቋቋም የያዘው መፈክርም መጨረስ ማሸነፍ ነው የሚል ነው።

እንዲህ ያለ ልብ ታዲያ በሳምንት በሁለት የማታ እርምጃ ይሠራል? ነገሩ ሰዎች ከሚያስቡት ይለያል። የፈረስ ልብና የደም ዝውውር ቶሎ ይሰለጥናል፤ ሳምንታት ይበቁታል። ጣፊያው ውስጥ ደግሞ ትልቅ የቀይ ደም ሴሎች ክምችት አለው፤ ሥራ ሲጀምር ጣፊያው ይጨመቅና ያንን ሁሉ ወደ ደም ሥር ይለቀዋል። ከሁለት ወር ልምምድ በኋላ ፈረሱ ሳያለከልክ ኮረብታ ሲወጣ ባለቤቱ ዝግጁ ነው ብሎ ያስባል። ጡንቻው ግን ወራት ይፈልጋል። ጅማት፣ የአጥንት ማያያዣ፣ አጥንትና ሰኮና ከዚያም የበለጠ ነው የሚወስዱት። ብዙ ፈረስ የሚያነክሰው በዚህ ክፍተት ነው፤ ሳንባው አልቻልኩም ሳይል ጅማቱ ይበጠሳል።

ወደኋላ ስንሄድም እንዲሁ ነው። ፈረስ ለአንድ ወር ቢያርፍ ከልቡና ከሳንባው የሚያጣው ጥቂት ነው፤ ከሰው ይልቅ ይዞ ይቆያል። አጥንት ግን ሥራ ሲያጣ ይሳሳል፣ በተለይ ቀኑን ሙሉ ጋጣ ውስጥ ለሚቆም ፈረስ። ወይዘሮዋ በዊንተር የሚጋልቡት ፈረሱን ለማፍጠን አይደለም። ማርች ላይ ቀኑ ረዝሞ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲሮጥ የሳቸው ፈረስ ከዜሮ እንዳይጀምር ነው። 15 ዓመት የሞላውን ፈረስ ከዜሮ ማስነሣት ወጣቱን እንደማስነሣት አይደለም።

ወደ ጋጣው ስንመለስ የመጨረሻውን 15 ደቂቃ ወርደን በእግራችን ሄድን። እሳቸው ጓንታቸውን አውልቀው እጃቸውን በኮርቻው ጨርቅ ሥር አስገቡ፣ ደረቱን ዳሰሱ፣ ከጆሮው ሥር ነኩ። ከዚያ ማዳመጫቸውን ከግራ ክርኑ ኋላ አደረጉና ሰዓታቸውን አዩ። 44። ሥራው ያለቀ መሰለኝ፤ ገና መጀመሩ ነበር።

የዊንተር ግልቢያ ሸክሙ ላቡ ነው። የፈረስ ጸጉር የሚወፍረው ብርድ ስለመጣ ሳይሆን ቀኑ ስላጠረ ነው፤ ከኦገስት ጀምሮ ብርሃኑ ሲቀንስ አካሉ ያውቀዋል። አዲስ አበባ ላይ በዓመቱ ረጅምና አጭር ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ እዚህ ግን ከ5 ሰዓት ያልፋል። ጥር 23 በእንጅባራ ለጊዮርጊስ በዓል የሚወጡት የአዊ ፈረሰኞች ፈረሳቸውን ዓመቱን ሙሉ በብርሃን ያዘጋጃሉ፤ ከሥራ በኋላም ፀሐይ አለች። እዚህ ያለው ፈረስ ደግሞ በደረቀ ወፍራም ጸጉሩ ከዜሮ በታች 8 ወይም 10 ዲግሪ ድረስ ሳይቸገር ይቆማል፤ ጸጉሩን ያቆምና በመሐሉ የሞቀ አየር ይይዛል። ያው ጸጉር በላብ ሲረጥብ ግን አየሩ ይወጣል፤ ከዜሮ በላይ ባለ ብርድ እንኳ ይንቀጠቀጣል።

መፍትሔው ሁለት ነው፣ ሁለቱም ዕዳ አለበት። አንደኛው መሸለት ነው፤ ከአንገት ሥር፣ ከደረትና ከሆድ ሥር ያለው ይቆረጣል፣ ጀርባው ይተዋል። የተሸለተ ፈረስ ቶሎ ይደርቃል፤ በምትኩ በየቀኑ ብርድ ልብስ መልበስና ማውለቅ አለበት፣ ቅዳሜና እሑድ ሳይባል። ሁለተኛው ሳይሸልቱ ላብ እስኪመጣ ድረስ አለመሥራት ነው። ወይዘሮዋ ደረትና አንገት ሥር ብቻ ሸልተዋል፤ ቀሪውን በዝግታ ይጠብቃሉ። ያን ዕለት እርጥበቱ ከጠፍሩ ሥር ብቻ ነበር። ላብ የሚያስወጣ ስስ የሱፍ ልብስ ደርበውለት፣ በፎጣ እየጠረጉ፣ ጸጉሩን ወደ ላይ እያበጠሩ ቆሙ። ሳይደርቅ ወደ መስክ አይወጣም። ግልቢያው አንድ ሰዓት ከሩብ ቢወስድ ማድረቁ ከዚያ ብዙ አላነሰም።

ውኃው ሌላ ጉዳይ ነው። ፈረስ በቀን ከ20 እስከ 40 ሊትር ይጠጣል፤ ውኃው በረዶ ሊሆን ሲቃረብ ግን ይቀንሳል፣ ደረቅ ድርቆሽ እየበላ ሲቀንስ ደግሞ አንጀቱ ውስጥ ምግቡ ይጠጥርና የሆድ ቁርጠት ይይዘዋል። በዚህ ወቅት ፈረስ የሚገድለው ብርዱ ሳይሆን ይህ ነው። ስለዚህ ለብ ያለ ውኃ በባልዲ፣ ጨው በመኖው ላይ፣ ከዚያም ድርቆሽ፣ ብዙ ድርቆሽ። ሰው ፈረስ ይሙቀው ብሎ አጃ ይጨምርለታል፤ የሚያሞቀው ግን ድርቆሹ ነው፣ ትልቁ አንጀት ውስጥ ሲብላላ ሙቀት ያወጣል። ዳማው አፉን ባልዲው ውስጥ ከትቶ ለረጅም ጊዜ አልተነሣም።

ይህን ሁሉ ድካም የማይቀበሉ ጎረቤቶች አሉ። ከታንክስጊቪንግ በኋላ የፈረሱን ጫማ አስወልቀው፣ ኮርቻውን ቀብተው ሰቅለው፣ ፌብሩዋሪ እስኪጋመስ ድረስ መስክ ላይ ይለቁታል፤ እነሱም በጁን ይጨርሳሉ። ክርክራቸው ደካማ አይደለም። ኮረብታማ መስክ ላይ ከጓደኞቹ ጋር ሌት ተቀን የሚውል ፈረስ በቀን ብዙ ኪሎ ሜትር ይራመዳል፣ አልፎ አልፎም ሳይታዘዝ ሽምጥ ይሮጣል፤ አጥንት ደግሞ የሚጠነክረው በረጅም እርምጃ ሳይሆን በእነዚያ አጫጭር ሩጫዎች ነው። ለእንዲህ ያለ ፈረስ የማክሰኞው የጨለማ እርምጃ የሚጨምርለት ጥቂት ነው። ቀኑን ጋጣ ውስጥ ለሚያሳልፍ ግን ያ ሰዓት ትልቅ ነው። እኔ ከሁለቱ ወገኖች ይልቅ የምፈራው ሦስተኛውን ነው፤ በዊንተር ረስቶት በማርች የመጀመሪያ ሞቃት ቅዳሜ ላይ 40 ኪሎ ሜትር የሚያስሮጠውን።

ወይዘሮዋ የጎረቤቶቻቸውን ሐሳብ ሲነግሩኝ አልተከራከሩትም። የሳቸው መስክ ጠባብና ሜዳ መሆኑን፣ ዳማውም እያረጀ መሆኑን ብቻ አነሡ። ዕቅዳቸው ማክሰኞና ሐሙስ ማታ፣ ቅዳሜ በቀን ብርሃን ረጅሙ ነው። ማሰሪያዎቹን እየፈቱ ሳለ የሐሙሱ ትንበያ ቅዝቃዜ ያዘለ ዝናብ መሆኑን ከስልካቸው አነበቡና፣ በጋጣው ግድግዳ ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ ሐሙስን በእርሳስ ሰረዙት። ቅዳሜ ላይ ግን ምንም አልጨመሩም፤ ያመለጠ ምሽት በሌላ ቀን አይካካስም አሉኝ፣ ጅማቱ የቀን መቁጠሪያ አያነብም።